ከወደደችህ ትጠብቅሃለች

ሊሚ በዳሳ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ወንድ ናት። ስሟም ኮች ቤዛብሕ ይባላል፤ ሁለት ጊዜ ከስሮ በሦስተኛው የተነሣ፣ ወፍ ሳይንጫጫ የሚነቃ፣ «አንተም ትችላለህ» ማለት የማይሰለቸው የቢዝነስ አማካሪ ናት። አዲሱ ገበያ ካለ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሥራ ባልደረባዋ ከሳምሪ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ለሦስት መቶ አርባ ሰልጣኞች በእሱ ስም ይጽፋሉ። እውነተኛው ቤዛብሕ ከሦስት መቶ አርባው አሥሩን በስም ቢጠራ ሊሚ የወር ደመወዟን ትሰጠው ነበር።

ሥራው አይከብድም፤ ያናድዳል እንጂ። መጀመሪያ ቤዛብሕ ቪዲዮ ላይ ወጥቶ ሰውን ይቆጣል። ሰው ደግሞ የሚቆጣው ሲያገኝ ይከተላል። ከዚያ የሦስት ቀን ነፃ የኦንላይን ሥልጠና ይጠራል፤ በሦስተኛው ቀን መጨረሻ የሚከፈልበት ሥልጠና እንዳለና «ሰባት ቦታ ብቻ እንደቀረ» ይነገራል። ሊሚ እዚህ ከገባች ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል፤ ያ ሰባት ቦታ አንድ ቀን እንኳ ስድስት ሆኖ አላየችውም። ደረጃ አንድን የጨረሰ ደረጃ ሁለትን ይገዛል፤ ደረጃ ሁለትን የጨረሰ ደረጃ ሦስትን። ደረጃ ሦስት ላይ የሚማሩት ደግሞ ኮች መሆንን ነው፤ ማለትም ሌላውን ሰው ደረጃ አንድ ማስገባትን።

«ታዲያ ሥራውን የሚሠራው ማነው?» ብላ በመጀመሪያው ሳምንት ሳምሪን ጠይቃት ነበር።

«የቱን ሥራ?» አለች ሳምሪ፤ ከስልኳ ቀና ሳትል። «ሥራው ይሄ ነው በቃ።»

ሰዎቹ የሚከፍሉት ለትምህርቱ እንዳልሆነ ሊሚ ለማወቅ ብዙ አልቆየችም። የሚከፍሉት ዓርብ ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የሳምንቱን ሪፖርት በቴሌግራም ሲልኩ፣ ኮች በግሉ ስለሚመልስላቸው ነው። አንድ ትልቅ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ስለ እነሱ ብቻ ያስባል። ያንን መልስ የምትጽፈው እሷ ናት። በአማርኛ ቋንቋ ዲግሪ ይዛ ሁለት ዓመት ሥራ ፈት ከተቀመጠች በኋላ ቤዛብሕ ቀጠራት፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል ውል አስፈረማት። ለቶለሳ እንኳ «ማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ነኝ» ነው ያለችው።

ቶለሳን ባሰበች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች።

ቶለሳ ከጳውሎስ ሆስፒታል ወረድ ብሎ ባለች ብየዳ ቤት በርና መስኮት ይሠራል፤ የተሰበረ ክራንችና ዊልቸርም ይጠግናል። የተዋወቁትም በዊልቸር ነው። የሊሚ እናት ሆስፒታል በሚመላለሱበት ጊዜ የዊልቸራቸው ጎማ ወለቀ፤ ቶለሳ አስፋልት ዳር ተንበርክኮ ሲሠራላቸው እናትየው ወደ ልጃቸው ዘወር ብለው «እጁን እይው፤ የሚቸኩል እጅ አይደለም» አሉ። እናትየው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆነ። ያ የማይቸኩል እጅ ግን ዛሬ ለሊሚ ሌላ ትርጉም ሰጥቷታል።

የሊሚ ቤተሰብ ፕሮቴስታንት ነው፤ አባቷ አቶ በዳሳ በቸርቻቸው ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው። ቶለሳ ደግሞ ከእንጦጦ ግርጌ የተወለደ የኦርቶዶክስ ልጅ ነው። ሁለቱ ገና ሲጀምሩ የሃይማኖት ነገር በመካከላቸው እንዳይነሣ ተስማሙ። አይነሣም ማለት አይነሣም። እሱ ሲጾም እሷ አትጠይቅም፤ እሷ ኳየር ስትሄድ እሱ አይጠይቅም። በዚህ ጥንቃቄ ሳይጣሉ ኖሩ፤ ብዙ ነገርም ሳይተዋወቁ ቀሩ።

አቶ በዳሳ ለመስማማት ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። በመጨረሻ «ሽማግሌ ይላክና እሰማለሁ» አሉ። የጥር የመጨረሻው እሑድ ተቆረጠ። አቶ በዳሳ የግቢውን በር በእጃቸው አረንጓዴ ቀለም ቀቡት። ማጠፊያውን ግን አላሠሩትም፤ በሩ ወደ መሬት ስለወረደ ሲገፉት ሲሚንቶውን እያፋጨ ይጮኻል፤ እንግዳ መግባቱን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። «አማቼ በያጅ አይደለም እንዴ? እሱ ይሠራዋል» ብለው ቀልደው ነበር።

በዚያ እሑድ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ አቶ በዳሳና ሁለት ወንድሞቻቸው ሙሉ ልብስ ለብሰው ተቀመጡ። በሩ ሲያፋጭ ሦስቱም ይነሣሉ፤ ኮታቸውን ያስተካክላሉ፤ የሚገባው ግን ሰፌድ ሊመልስ የመጣ ጎረቤት ነው። አምስት ጊዜ ተነሡ፤ አምስት ጊዜ ተቀመጡ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አጎቶቿ ዓይኗን ሳያዩ ተሰናብተው ወጡ። ቃል የእምነት ዕዳ ነው በሚባልበት አገር፣ አባቷ በወንድሞቻቸው ፊት እንዲህ ሆኑ። ቶለሳ ሲደወልለት ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሊሚ፣ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።» ይኸው ስድስተኛ ሳምንቱ።

እንግዲህ በዚህ ንዴቷ ላይ ተቀምጣ ነው ሊሚ የሰውን ፍቅር የምትመክረው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

ከሰልጣኞቹ ሁሉ አንዱን ብቻ ትወደው ነበር፤ ገብረኪዳን የሚባለውን። ሌሎቹ «ሳምንቱ አሪፍ ነበር ኮች» ብለው የእሳት ምስል ይደረድራሉ። እሱ ግን ደብዳቤ ነው የሚጽፈው። ማን እንደሆነና ምን እንደሚሠራ አታውቅም። ኮች ሰልጣኝ የሥራውን ስም እንዲጠራ አይፈቅድም፤ ፀጉር ቆራጭ ነኝ ማለት ራስን ማሳነስ ነው፤ ሁሉም «የቢዝነስ ባለቤት» ነው። ስምም ቢሆን «ለምትሆነው አዲስ ሰው አዲስ ስም አውጣለት» ስለሚባል፣ ግሩፑ በአንበሳና በንስር የተሞላ ነው። ስልክ ቁጥሩ የሚታየው ለሽያጭ ክፍል ብቻ ነው።

የዛሬው ዓርብ ደብዳቤ እንዲህ ይላል። «ኮች፣ ቢዝነሴ ገና አልተለወጠም፤ እኔ ግን ተለውጬ ይሆናል፤ ምክንያቱም የምወዳት ልጅ አታውቀኝም። ስደውልላት ድምፅዋ የእሷ አይመስልም። ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው አስቀምጣ የሄደች ይመስለኛል። ደረጃ ሦስት ልግባ ወይስ ወደ እሷ ልመለስ? አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?»

ሊሚ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «እንዲህ የሚያስብላት ወንድ አላት፤ እሷ ግን ትኮራለች» አለች ለሳምሪ። «የኔው እኮ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ ከማለት ሌላ ዓረፍተ ነገር አያውቅም።»

«ወደ እሷ ተመለስ» ብላ ልትጽፍ እጇን ስታሳርፍ ቤዛብሕ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። የዋህ ፊት አለው፤ ክፋት የለበትም፤ የሚያናድዳትም ይኸው ነው።

«ገብረኪዳን ነው? ይሄ ልጅ ደረጃ ሦስት ይግባልኝ፤ የምስክርነት ቪዲዮም እናሠራዋለን። የሴት ነገር ካነሣ አራተኛውን ስጪው።»

ሰልጣኝ ሲያመነታ የሚሰጠው መልስ በቁጥር ተቀምጧል። አንደኛው ገንዘብ የለኝም ለሚል፣ ሁለተኛው ጊዜ የለኝም ለሚል፣ ሦስተኛው ላስብበት ለሚል ነው። አራተኛው ፍቅርና ሠርግ ለሚያነሣ ነው፤ እሱን የጻፈችው ሊሚ ናት። በጥር ወር ይኸው ገብረኪዳን ምክር ሲጠይቅ ከራሷ ጨምራ ጻፈችለት፤ ቤዛብሕ ወደደውና ለሁሉም አደረገው። እንዲህ ይላል፤ «ቤት የሚቆመው በምሰሶ ነው። አምስት ዓመት ያልሞላው ባሕር ዛፍ ማገር እንጂ ምሰሶ አይሆንም፤ አንተም መጀመሪያ ምሰሶ ሁን። ከወደደችህ ትጠብቅሃለች።»

ቤዛብሕ ከኋላዋ አልሄደም። ሊሚ ቁጥር አራትን ነካችው፤ መልሱ ሄደ። ለዚያች ለማታውቃት ሴት ያዘነችላት ለትንሽ ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ሌላ ሰልጣኝ መጣ።

*

ማክሰኞ ከሰዓት ቶለሳ ደውሎ ጳውሎስ ፊት ለፊት ካለችው ካፌ ቀጠራት። ቀድሟት ደርሶ ነበር። ያለ ወተት ሻይ አዟል፤ ጾም ነው፤ እሷም ደንቡን አክብራ አልጠየቀችም። ከስቷል። ከዓይኑ ሥር የብየዳ መነጽር የተወው ምልክት አለ፤ ድሮ በጣቷ ትዳስሰው የነበረ ምልክት። እጇን ጠረጴዛው ሥር ደበቀችው።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ» አለች ሳትቀመጥ። «ሽማግሌዎቹ ለምን አልመጡም?»

«ተቀመጪ መጀመሪያ።»

«ቆሜም እሰማለሁ።»

«ሊሚዬ፣ ሰው እያየን ነው።»

ተቀመጠች። ቶለሳ የሻዩን ማንኪያ አዙሮ አዙሮ አስቀመጠው።

«ቀኑን እንግፋው ብዬ በዋዜማው ለሽማግሌዎቹ መሪ ለጋሽ ሙሉ ነግሬያቸው ነበር፤ ለአባትሽ ደውለው እንዲነግሩ። ለካ እሳቸው ለልጅቷ አባት በስልክ አይነገርም፣ ነውር ነው ብለው ዝም ብለዋል። እኔ የነገሩ መስሎኛል። ማታ ስትደውይልኝ ነው የገባኝ። ከዚያ በኋላ ምን ልበልሽ? በየትኛው አፌ?»

«እሺ፣ ጋሽ ሙሉን ተዋቸው። አንተ ለምን ገፋኸው?»

ፊቱ ትንሽ በራ። እስከ ዛሬ የደበቀውን መንገር ያቀለለው ይመስል ወደ እሷ ቀረበ።

«አትስቂብኝ። እ... ኦንላይን ሥልጠና ገብቻለሁ። ለአንቺ ብዬ ነው፤ አባትሽ አንድ ብየዳ ቤት ብቻ ላለው ልጅ አይሰጡሽም ብዬ። ለሽማግሌውና ለጥሎሹ ያስቀመጥኩትን ነበር ደረጃ ሁለት የከፈልኩበት። አሁን ደግሞ ሦስተኛው አለ፤ ለክፍያው ትልቁን የብየዳ ማሽን የሚገዛኝ ሰው አግኝቻለሁ። እሱን ልነግርሽ ነው የጠራሁሽ። ትንሽ ብቻ ታገሺኝ።»

«ማሽኑን? በምን ልትሠራ?»

«ከዚያ በኋላ በእጄ አልሠራም። ኮች እሆናለሁ።»

ሊሚ ኮች የሚለውን ቃል ስትሰማ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። ኮች ግን ብዙ ነው፤ ከተማው በኮች ተጥለቅልቋል።

«ሽማግሌውን አቆይ ያለህ እሱ ነው?»

«በግሉ ነው የጻፈልኝ። ሥራ በዝቶበት እንኳ ቁጭ ብሎ ጻፈልኝ። ቃሉን ሸምድጄዋለሁ። አምስት ዓመት ያልሞላው ባሕር ዛፍ ማገር እንጂ ምሰሶ አይሆንም አለኝ። እኔ የእንጦጦ ልጅ አይደለሁ? እውነቱን ነው አልኩ። ባለፈው ዓርብም ጨንቆኝ ስጠይቀው ያንኑ ነው የመለሰልኝ። ከወደደችህ ትጠብቅሃለች አለኝ።»

የካፌው ጫጫታ ራቀባት። አስተናጋጇ መጥታ ምን ልታዘዝ ስትል ቶለሳ ለእሷም ሻይ አዘዘላት። አራተኛው መልስ ለስንት ሰው ሄዷል? ለአርባ፣ ለሃምሳ። ከሃምሳው አንዱ ሊሆን ይችላል። እንዲሆን ለመነች።

«ቶለሳ፣ በምን ስም ነው የተመዘገብከው?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«በምን ስም?»

ቶለሳ አፈረ። «አዲስ ስም አውጣ ተባለ። እኔ ንስር ነኝ፣ ነብር ነኝ ማለት ይቀፈኛል። ግሩፑ ውስጥ የሰፈር ሰው ቢኖርስ ብዬ በስሜም አልገባሁም። በክርስትና ስሜ ገባሁ። ገብረኪዳን።»

ሁለት ዓመት ተኩል ወዳው የክርስትና ስሙን አታውቅም ነበር። እንዳይጣሉ ብለው በዘጉት በር ውስጥ ስሙም አብሮ ተዘግቶ ቀርቶ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ዓርብ ዕለት የቀናችባት፣ ቀጥሎም ያዘነችላት፣ ትኮራለች ብላ የወቀሰቻት ሴት ራሷ ነበረች።

ዝም ማለት ትችል ነበር። ውሉ ዝም በይ ይላል። ዓርብ ላይ በኮች ስም «ማሽንህን አትሽጥ፤ ሽማግሌህን ላክ» ብላ ብትጽፍለት ነገሩ ሁሉ ይስተካከል ነበር፤ እሱም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ኮችን ሲያመሰግን ይኖር ነበር። ይህን አስባዋለች፤ አላሰበችም አንልም። ግን ፊቱን አየችው። እያመናት ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑን?»

«የጻፍኩልህ እኔ ነኝ። ቤዛብሕ አንድም ደብዳቤህን አላነበበም። ሥራዬ እሱ ነው፤ ማስታወቂያ ድርጅት ያልኩህ።»

ቶለሳ ሊስቅ ሞከረ። «ምን እያልሽ ነው?»

«ድምፅዋ የእሷ አይመስልም ብለሃል። ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው አስቀምጣ የሄደች ይመስለኛል ብለሃል።»

ማንኪያው ከሳህኑ ላይ ወደቀ፤ አላነሣውም። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ ሊሚ አየችው፤ ያን ማየት ከስድስቱ ሳምንት ሁሉ ይብስ ነበር።

«ታነቢኝ ነበር» አለ በቀስታ።

«አንተ መሆንህን አላውቅም ነበር። ማርያምን በይ እንዳትለኝ፤ እኔ አልምልም፤ ግን አላውቅም ነበር።»

«ዓመት ሙሉ የሆዴን ለሰው ዘረገፍኩ ብዬ የማፍረው እኔ፣ እፍረቴን ችዬ የቀጠልኩት አንድ ትልቅ ሰው ሰማኝ ብዬ ነው። ቆይ አንቺ፣» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅታው ከጩኸት ባሰ፤ «ጠብቅ ብለሽ የጻፍሽው አንቺ፣ ለምን ቆየህ ብለሽ ስልክ የዘጋሽብኝም አንቺ። የቷን ነው ልታዘዝ የሚገባኝ?»

«እኔን! እኔን ብትጠይቀኝ ኖሮ...»

«አንቺን ነው እኮ የጠየቅኩት» አለ።

የሁለቱን ሻይ ሒሳብ ከሳህኑ ሥር አስቀምጦ ተነሣ። በር ላይ ሲደርስ ዘወር ይል ይሆን ብላ ጠበቀች። አላለም። የእሷ ሻይ የመጣው እሱ ከሄደ በኋላ ነው፤ ሊሚ በሁለት እጇ ይዛው፣ ሳትጠጣው፣ እስኪቀዘቅዝ ተቀመጠች። የተናደደችው በማን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ታውቅ ነበር።

*

ሐሙስ ዕለት ለአባቷ ነገረቻቸው። መንገር አልፈለገችም፤ ሁለት ቀን እህል ሳትቀምስ ስትውል አቶ በዳሳ ወንበራቸውን ስበው ፊቷ ተቀመጡ። ሠላሳ ዓመት የእንጦጦን ደን የጠበቁ ሰው ናቸው፤ አንድን ነገር ትኩር ብለው ማየት ያውቁበታል።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሟት። ስለ ሰባቱ ቦታ፣ ስለ ቁጥሮቹ፣ ስለ ገብረኪዳን። ባሕር ዛፉ ጋ ስትደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። እሱ የኔ አይደል?»

«አዎ አባዬ። የእርስዎ ነው።»

«የኔን አባባል ሸጥሽው?»

«ድርጅቱ ነው የሸጠው። እኔ ጻፍኩት።»

«ሰው ደግሞ ገዛው?» አቶ በዳሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሽማግሌዎቹም በዚሁ ቀሩ?»

አባቷ በመስኮቱ አሻግረው ያን አረንጓዴ በር አዩት።

«የዛን ጊዜ፣ ስለ ልጁ መጀመሪያ ስትነግሪኝ፣ ምን አልኩሽ? ፍቅራችሁ ገና ለጋ ነው፣ አምስት ዓመት ያልሞላው ባሕር ዛፍ እንዲህ ነው አልኩሽ። አይደል?»

«አዎ።»

«ምክር አልነበረም» አሉ። «እናትሽ ከሄደች ገና ስምንት ወሯ ነበር። አንቺም ከሄድሽ ይሄ ቤት ከኔ ጋር ምን ያወራል ብዬ ነው። እንዲህ ብዬ ልነግርሽ አፈርኩ፤ ባሕር ዛፉን ነገርኩሽ።»

ሊሚ ቀና ብላ አየቻቸው። አባቷ ዓይናቸውን ከበሩ አላነሡም።

«ደግሞ ውሸት ነው» አሉ፤ አሁን ድምፃቸው የደን ጠባቂው ድምፅ ነበር። «ምሰሶ ብቻውን ቤት አይሆንም። ያለ ማገር የቆመ ግድግዳ የት አይተሻል? ማገሩን ሁሉ ምሰሶ እስኪሆን ብንጠብቅ ኖሮ የጉለሌ ሰው እስካሁን ሜዳ ላይ ነበር።»

ሊሚ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መንገድ ላይ ለቅሶ ሆነ። ልጅ ሲያለቅስ ምን እንደሚደረግ የሚያውቁት ሁሌም እናትየው ነበሩ። አቶ በዳሳ እጃቸውን ዘርግተው ራሷ ላይ አሳረፉት፤ ከባድ እጅ ነው፤ ሳያነሡት ቆዩ።

*

ዓርብ አሥር ሰዓት ሲሆን ሪፖርቶቹ መዝነብ ጀመሩ። ሊሚ አንዱንም አልከፈተችም። የገብረኪዳን ስም ላይ ዓይኗን ተክላ ተቀመጠች። አሥር ከሩብ። አሥር ተኩል። ሳምሪ የካፌውን ነገር ስለምታውቅ የሊሚንም ድርሻ ዝም ብላ ትመልስ ነበር።

አሥራ አንድ ሊሆን አምስት ሲቀረው መጣ። ከደብዳቤዎቹ ሁሉ አጭሩ ነበር።

«የዚህ ሳምንት ሪፖርቴ፦ ማሽኑን አልሸጥኩም። ሌላ የሠራሁት የለም። አንድ ጥያቄ አለኝ። አሁን የሚያነበኝ ማነው?»

ሊሚ ጻፈች፤ አጠፋች፤ ጻፈች። ቋንቋ የተማረች፣ በቀን መቶ መልስ የምትጽፍ ሴት፣ የራሷን ስም መጻፍ ከበዳት።

«በስምሽ ከላክሽው ሰኞ እዚህ የለሽም» አለች ሳምሪ፤ ክፋት አልነበረባትም።

«አውቃለሁ።»

የላከችው ይህን ነው።

«ሊሚ ነኝ። ባሕር ዛፉን መጀመሪያ የተናገረው ሰው ልጁ እንዳትሄድበት ብሎ ነው። ድርጅቱ የሸጠው ደንበኛ እንዳይሄድበት ብሎ ነው። እኔ የጻፍኩት ሥራዬ ስለሆነ ነው። ከሦስታችን አንዳችንም ስለ አንተ አላሰብንም፤ አንተ ግን አመንከን። ይቅር በለኝ። ምክር የለኝም። ከወደደችህ ትጠብቅሃለች የሚለውም ውሸት ነው፤ እወድሃለሁ፣ ግን መጠበቅ ሰልችቶኛል፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ እየተናደድኩ ነው የጠበቅኩህ። በራችን አሁንም ያፋጫል። እሑድ ከሰዓት ቤት ነን።»

መልስ አልመጣም። ኮምፒውተሩን ዘግታ ከሕንፃው ስትወርድ የሠራተኛ መታወቂያዋን ለጥበቃው ሰጠችው፤ ሰኞ እስኪጠይቋት አልጠበቀችም። ታክሲ ሳትይዝ ዳገቱን በእግሯ ወጣች። ፈርታ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን የራሷ ነበር እንጂ የቤዛብሕ አልነበረም።

እሑድ ከቸርች ተመልሰው ምሳ በሉ። አቶ በዳሳ ሙሉ ልብሳቸውን አላወለቁም፤ ለምን እንደሆነ አልተናገሩም፤ ሊሚም አልጠየቀችም። ስምንት ሰዓት ሆነ። በሩ አፋጨ፤ አንድ ጎረቤት እሳት ልጫር ብላ መጣችና ሄደች። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። በሩ አፋጨ፤ የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ነው፤ ቆጣሪውን አይቶ ወጣ። በእሑድ! ሊሚ ሳቋ መጣ፤ ከዚያ ተናደደች፤ ከዚያ ደግሞ ሳህን ልታጥብ ተነሥታ ውሃው ውስጥ እጇን እንደነከረች ቆመች።

አሥር ሰዓት ላይ በግቢው ውስጥ የእግር ኮቴ ሰማች። የአንድ ሰው አይደለም፤ የሦስት አራት ሰው ኮቴ ነው፤ ቀስ ያለ፣ የሽማግሌ አረማመድ ያለበት።

በሩ ግን አልጮኸም።

ያን በር ሁሉም ሰው ይገፋዋል። ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ አጎቶቿም ይገፉታል። ማጠፊያው እንደወደቀ አይቶ፣ መጀመሪያ በሁለት እጁ ወደ ላይ አንሥቶ፣ ከዚያ ሳይቸኩል የሚከፍተው ብረት የሚያውቅ እጅ ብቻ ነው።

አቶ በዳሳ ከሳሎን ሲነሡ የወንበሩ ድምፅ ተሰማት። ለስድስተኛ ጊዜ ኮታቸውን አስተካከሉ።

«ሊሚ» አሉ። «እጅሽን ጥረጊ።»

እጇን ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች። ስትቆጣ ልትናገረው ስድስት ሳምንት ያዘጋጀችው ብዙ ነገር ነበራት፤ አንድ በአንድ ፈለገችው፤ አንዱንም አላገኘችውም።